«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል»፦ ከባሕር ዳር ሲታይ

ተከራይ ቤት ሲቀይር ያየ ሰው ይህን ተረት ሳይሰማ አይቀርም። ሶፋው፣ ፍሪጁ፣ ቁም ሳጥኑ አይሱዙ ላይ ተጭኗል። ልጁ ዕቃውን ደግፎ ከላይ ተቀምጧል። አክስቱ በር ላይ ቆመው «አይ ልጄ፣ ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል!» ይላሉ። ራሱ የሚያርፍበት ሳይኖረው ሸክም የሚያበዛ ሰው ይባልበታል። የራሱን ጎጆ ሳያቆም የሌላውን ጉዳይ ተሸክሞ የሚንከራተትም እንዲሁ።

ምስሉን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ በክረምት ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በመኪና ይሂድ። ከጎሃ ጽዮን በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ታች ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ወንዙ ድፍርስ ጠላ መስሏል። ነሐሴ ላይ ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ ሲያንከባልል ማየት ብርቅ አይደለም። በሽሎን የመሳሰሉ ገባሮች ከየተራራው ያጋዙትን ግንድና አፈር ያስረክቡታል። እሱም ይዞት ይነጉዳል። ተረቱ ያየውን ነው የተናገረው።

ባሕር ዳር ደርሶ ዓባይን የሚያይ መንገደኛ ግን ሌላ ወንዝ ያገኛል። ያ ሁሉ ግንድና ጭቃ የለም። ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ተነስቶ ግልገል ዓባይ ተብሎ ጣና የሚገባው ወንዝ አብዛኛውን አፈሩን እዚያው ሐይቁ ውስጥ ያራግፋል። ሲወጣ ቀለል ብሎት ነው። በአካባቢው ሲነገር የኖረ አባባል ደግሞ አለ፦ ዓባይ ጣናን ሳይቀላቀል ሰንጥቆ ያልፋል ይባላል። 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ሐይቅ ውስጥ ገብቶም አያድርም ማለት ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ጣና የዓባይ የመጀመሪያ ቤቱ ነው ባይ ነኝ። ከተማዋን ያየ ሰውም እንደኔ የሚል ይመስለኛል።

ሐይቁ ዳር ታንኳ ሲሠራ ቆም ብላችሁ እዩ። ደንገሉ ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ ጥቅል በጥቅል ይታሰራል፣ ጫፉ ወደ ላይ ይቀለበሳል። ሚስማር የለው፣ ሳንቃ የለው። ነገደ ወይጦዎች ለዘመናት የታወቁበት ሙያ ነው። ውኃ ጠጥቶ ሲከብድ ከሐይቁ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያደርቁታል። ማገዶ ከምሮ የሚመጣ ቀዛፊ ሲያዩ የተረቱ ግንድ ትዝ ይላል፤ ይኼኛው ግንድ ግን መድረሻ አለው፣ ገበያ ነው የሚሄደው። አጠገቡ የሞተር ጀልባ ወደ ዘጌ፣ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ጎብኚ ይዞ ይከንፋል። ሞገዱ ታንኳውን ያወዛውዘዋል። ቀዛፊው መቅዘፊያውን ያነሳል፣ ሞገዱን ያሳልፋል፣ ይቀጥላል።

ባሕር ዳር የገባችኝ እንዲህ ነው። በግንቦት 2016 የተመረቀው 380 ሜትር ድልድይ ላይ ወጣቱ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ ብዙ ሳይርቅ ደብረ ማርያም ገዳም የሚሄዱ ምእመናን ዓባይን በጀልባ ይሻገራሉ። ነጠላ ያጣፋች እናት ከጊዮርጊስ ቅዳሴ ወጥታ ባጃጅ ትይዛለች። ማታ ዘምባባው ሥር የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ በልቶ በቴሌብር የሚከፍለው ደግሞ ልጇ ሊሆን ይችላል። ማንም ማንንም አላስለቀቀም። የሚያስፈራኝ እምቦጭ ነው። ያ አረም ሐይቁ ላይ ተንጣሎ ማየት አንጀት ይበላል።

ተረቱ ለወንዙ ለራሱ ሲነገር ቁጭት ነበረው፤ አፈራችንን ይዞ ሄደ፣ እኛ ጋ አላደረም የሚል። ጉባ ላይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ የተጣለው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ ያ ቁጭት ወደ ደስታ ተቀየረ። እስከ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዘው ንጋት ሐይቅ አዲሱ ማደሪያው ነው።

ለሰው ሲነገር ግን ተረቱ እንዳለ ነው። ቅርበት ይፈልጋል። እናት ለልጇ፣ ጓደኛ ለጓደኛው ሲለው ምክርም እዝነትም አለበት። ለማያውቁት ሰው፣ ይልቁንም ቤት አጥቶ ለተቸገረ ከተባለ ግን ስድብ ነው። ስለራስም ይነገራል። የሰው ጉዳይ ሲያሯሩጠው የዋለ ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ «ተዉኝ እባካችሁ፣ ዓባይ ማደሪያ የለው ሆኛለሁ» ይላል። ቀሪውን ሰሚው ይሞላዋል።