ፖርን ማቆም ላቃተው ሰው የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፖርን ማየት ማቆም አቅቷችሁ ብቻችሁን ለምትታገሉ ነው ይሄን የምጽፈው፣ የሚሰጣችሁ ምክር አብዛኛው ነገሩን ስለሚያባብሰው።

«ጠንካራ ከሆንክ ሃሳቡን ከጭንቅላትህ ታወጣዋለህ»

አይወጣም። እ.ኤ.አ በ1987 ዳንኤል ዌግነር የሚባል ሳይኮሎጂስት ሰዎችን ለ5 ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳታስቡ፣ ካሰባችሁ ደወል ምቱ አላቸው፣ በየደቂቃው ከአንዴ በላይ ይመቱ ነበር፣ ጭራሽ በኋላ ማሰብ ይቻላል ሲባሉ ደግሞ ካልተከለከሉት ሰዎች በላይ አሰቡት። ስለዚህ ፍላጎቱ ሲመጣ አትከራከሩት። «አሁን የማየት ፍላጎት መጣብኝ» በሉና ሰውነታችሁ ላይ የት እንዳለ አስተውሉ፣ ደረት ላይ ነው? ሆድ ላይ? እንደ ማዕበል ከፍ ይላል ከዛ ይወርዳል፣ እናንተ ብቻ ሳትታዘዙት ቆዩ።

«አንዴ ካየሁ ሁሉም ነገር ዜሮ ገባ»

በጣም የሚጎዳው ይሄ ነው። 40 ቀን የቆየ ሰው አንዴ ይሳሳትና «አንዴ ተበላሽቷል» ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ሲያይ ያድራል፣ አለን ማርላት የሚባለው የሱስ ተመራማሪ ይሄን ነገር ከስንት ዓመት በፊት ጽፎታል። እባካችሁ የ40 ቀኑ ትምህርት የትም አልሄደም። ራሳችሁን ከመስደብ ወረቀት አውጡና ጻፉ፣ «ማክሰኞ፣ ሌሊት 6 ሰዓት፣ አልጋ ላይ፣ ከአለቃዬ ጋር ተጣልቼ፣ ከፍቶኝ»። ሁለት ሶስት ሳምንት ስትጽፉ ሁሌ የሚመጣበት ሰዓትና ስሜት ይታያችኋል፣ ያኔ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ከመታገል ማታ 4 ሰዓት ላይ ስልኩን ሌላ ክፍል ቻርጅ ማድረግ ይቀላል። ሲቢቲ የሚባለው ቴራፒም (አስተሳሰብንና ባህሪን በመቀየር ላይ የሚያተኩር የንግግር ህክምና) በዚህ መንገድ ነው የሚሰራው።

«90 ቀን ከቆየህ ትድናለህ»

ቁጥሩ ሳይንሳዊ መሰረት የለውም።

«የሚያይ ሁሉ በሽተኛ ነው»

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ ከ2022 ጀምሮ ስራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ ወሲባዊ ድርጊትን መቆጣጠር አለመቻልን አካቷል፣ ግን 6 ወር ወይ ከዛ በላይ የቆየ መሆን አለበት፣ ኑሮን፣ ስራን፣ ትዳርን የሚጎዳ ወይ በጣም የሚያስጨንቅ መሆን አለበት፣ ጭንቀቱ «ኃጢአት ነው» ከሚል ስሜት ብቻ የመጣ ከሆነ ደግሞ አይበቃም ይላል።

«በራሴ ካልቻልኩ አለቀልኝ»

ኧረ በፍጹም! ራስን መርዳት እርዳታ አይከለክልም። በተለይ ድብርት ካለ ወይ ራስን የማጥፋት ሃሳብ ከመጣ ዛሬውኑ ለባለሙያ ንገሩ። ለመናገር ካፈራችሁ ያቺን የጻፋችሁባትን ወረቀት ስጡት፣ ያነባታል።