ሙዚቃና የዕለት ኑሮ በጅማ

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ስሟ ከቡና ጋር የሚነሳ ከተማ ናት። ከሙዚቃ ጋር ግን እምብዛም አትነሳም። የኢትዮጵያን ዜማ የሚያጠኑ ሰዎች ወደ ወሎ፣ ወደ ጎንደር፣ ወደ ሐረርና ድሬዳዋ ያቀናሉ፤ ወደዚህ የሚመጡት ጥቂት ናቸው። ዜማ ጠፍቶ አይደለም። የጅማ ዜማ ከመድረክ ይልቅ በቡና ማሳ፣ በጸሎት ቤት፣ በሠርግ ድንኳንና በጓዳ ስለሚኖር፣ ታዋቂ ድምፃዊ ፈልጎ የመጣ እንግዳ ሳይሰማው ይመለሳል። ይህን ዳሰሳ የጻፈው በከተማው የሙዚቃ መምህር የሆነ ሰው ነው፤ ለክፍል ትምህርት ወደሚጠቅመው ማድላቱም አይቀርም።

የከተማዋ ድምፅ ከየት መጣ

ጅማ ከአምስቱ የጊቤ ኦሮሞ መንግሥታት አንዷ ነበረች። ከ1878 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ንጉሥ አባ ጅፋር 2ኛ ከጅሬን ቤተ መንግሥታቸው ሲገዙ፣ ሂርማታ በተባለው ስፍራ ሐሙስ ሐሙስ የሚቆመው ገበያ የደቡብ ምዕራብ ነጋዴ ሁሉ መገናኛ ሆኖ ቆየ። ኋላም ከተማዋ የከፋ ክፍለ ሀገር መዲና ሆነች። ገበያና መንግሥት ባሉበት ሰው ይሰበሰባል፤ ኦሮሞው፣ የሙ፣ ዳውሮው፣ ከፊቾው፣ አማራውና ጉራጌው ጎን ለጎን ሰፈረ። ዛሬ አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ልጆች “ቤታችሁ የሚዜመውን አምጡ” ቢባሉ፣ አንዱ ከአያቱ የሰማውን ጌራርሳ (የኦሮሞ የጀግንነት ዜማ)፣ ሌላዋ የእናቷን እሹሩሩ፣ ሦስተኛው የዳውሮን የሠርግ ዘፈን ይዞ ይመጣል። ከጎጀብ ወንዝ ማዶ ያሉት ዳውሮዎች ዲንካ የሚባል ከሰው ቁመት እጅግ የሚረዝም የትንፋሽ መሣሪያ አላቸው። ነፊዎቹ ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱ የድርሻውን ድምፅ በተራው እየጣለ ዜማውን በጋራ ይሞሉታል። የቡድን ጨዋታ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ሥራና ምት

የቡና ለቀማ ወቅት በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። በገጠሩ ሥራው ሲበዛ ሰው በሁለት መንገድ ይጠራራል። ደቦ ሲሆን ባለ ማሳው ምግብና መጠጥ አሰናድቶ ጎረቤቱን ይጠራል፤ ዳዶ ሲሆን ደግሞ ሰዎች በቡድን ሆነው በተራ አንዱ ለሌላው ይሠራሉ። በሁለቱም ዘፈን አለ፤ ዘፈኑም ለጌጥ የገባ አይደለም። አውራጁ ስንኙን ይጥላል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ሥራው ቁፋሮ ከሆነ መቆፈሪያውም ከተቀባዮቹ ድምፅ ጋር አብሮ ይወርዳል። አውራጁ ፍጥነቱን ሲጨምር ሥራው ይፈጥናል፤ ሰው መድከሙን ሲያይ ዜማውን ያረዝማል። ግጥሙም እንደ ሁኔታው ይለዋወጣል፤ ጎበዙ ይወደሳል፣ ሰነፉ ይነካካል፣ ግብዣው ያነሰበት ባለ ማሳ ሳይቀር ይሸነቆጣል። ፊት ለፊት ቢነገር ጠብ የሚያስነሳ ነገር በዜማ ሲመጣ ሳቅ ይሆናል።

ለመምህር ግን ትልቁ ሀብት ሙቀጫው ነው። ሁለት ሴቶች በአንድ ትልቅ ሙቀጫ እህል ሲወቅጡ፣ የአንዷ ዘነዘና ሲነሳ የሌላዋ ይወርዳል። አንዷ ከተዘናጋች ዘነዘናዎቹ ይጋጫሉ፤ ስለዚህ ሁለቱም የሌላዋን ምት ሳያቋርጡ ያዳምጣሉ። በየሠርጉ የሚሰማውና ባለሙያዎች ችክችካ የሚሉት ምት በኖታ ሲጻፍ ስድስት ስምንተኛ (6/8)፣ ማለትም በአንድ ዙር ስድስት አጫጭር ምት ነው። ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ተማሪው ይሸሸዋል፤ ግማሹ ሁለት፣ ግማሹ ሦስት እየቆጠረ ይደናገራል። ወንበሩን ሁለት ሁለት ሆነው እንዲወቅጡት ሲታዘዙ ግን ሁለትም ሦስትም እኩል እንደሚገኙበት እጃቸው ራሱ ያሳያቸዋል። ጎረቤት ክፍል ያለው የሒሳብ መምህር ቅሬታ የሚያቀርበውም ያኔ ነው።

ቡና ሲፈላ የሚሰማው ደግሞ ሌላ ነው። የምጣዱ ቅሽቅሽታ፣ የትንሹ ሙቀጫ ድምፅ፣ የሲኒው ኳኳታ ተራ በተራ ይመጣሉ፤ ጎረቤትም አቦሉ መድረሱን ሳይጠራ ያውቃል። ይህን ሙዚቃ ነው ብሎ መከራከር አያስፈልግም፤ ድምፅ ጊዜን እንዴት እንደሚከፍል ለማስተማር ግን ይበቃል።

ዋንዛ፣ ቆዳና ዝናብ

ጅማ በእንጨት ሥራዋም የታወቀች ናት። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከከተማዋ ምልክቶች አንዱ ነው። ለቤት ዕቃ የሚፈለገው ዋንዛ ለከበሮም ይፈለጋል፤ ቀላል፣ ለመፈልፈል የሚመች፣ ሲደርቅ ብዙ የማይሰነጠቅ እንጨት ነው። ክራርና መሰንቆም ከእንጨት፣ ከቆዳና ከጅማት ወይም ከፈረስ ጭራ ይሠራሉ፤ ክራሩ አምስት ወይም ስድስት አውታር፣ መሰንቆው አንድ ብቻ።

የጅማ አየር ግን ለቆዳ አይራራም። ክረምቱ ረዥምና ብርቱ ነው፤ እርጥበቱ የከበሮውን ቆዳ ያላላዋል፣ ድምፁም ይሞታል። መድኃኒቱ ጥንታዊ ነው፦ ፀሐይ ከጠፋች ከበሮውን ከሰል አጠገብ አቅርቦ ማሞቅ፣ እንዳይቃጠልም እያገላበጡ መጠበቅ። ክራርም ጠዋት የተቃኘው ከሰዓት ይዛባል። ዝናቡ የክፍሉን ቆርቆሮ መምታት ሲጀምር መዝሙሩ ይቀርና የምት ልምምድ ይጀመራል፤ በሰኔ ድምፅን ከቆርቆሮ ጋር ማፎካከር ከንቱ ድካም ነው።

እምነትና ዜማ

በጅማ ዞን የሙስሊሙ ቁጥር ይበዛል፤ በከተማው ውስጥ ሙስሊሙ፣ ኦርቶዶክሱና ፕሮቴስታንቱ ተቀላቅሎ ይኖራል። መንዙማ በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛና በዓረብኛ ይባላል፤ ፈጣሪን ማወደስ፣ ነቢዩን ማመስገን፣ ደጋግ ሰዎችን ማስታወስ ይዘቱ ነው። በመውሊድና በሐድራ (በጋራ የጸሎትና የውዳሴ ስብሰባ) ድቤና ጭብጨባ ያጅበዋል፤ ድቤውን የማይደግፉ፣ መውሊዱንም የማያከብሩ ሙስሊሞች አሉ። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በ6ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የቅዱስ ያሬድ ዜማ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ይወረባል፤ ጸናጽሉ፣ መቋሚያውና ከበሮው እያንዳንዳቸው ሥርዓት አላቸው። በፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ኪቦርድና ጊታር የጀመሩ ወጣቶች ብዙ ናቸው። እንደ እውነቱ ከሆነ በክፍሌ በድምፅ ተከፋፍለው መዘመር የሚችሉት አብዛኞቹ ከዚያ የመጡ ናቸው።

እዚህ ላይ መምህሩ የሚገጥመው እውነተኛ ችግር አለ። ሦስቱም ቤት ውስጥ “ልጄ ዘፈን አይማርም” የሚል ወላጅ ይገኛል። ወላጁ ዜማን አልጠላም፤ እቤቱ ከማለዳ እስከ ማታ ዜማ አይጠፋም። የሚሰጋው ጭፈራውን፣ መጠጡን፣ የሌሊቱን ኑሮ ነው። ልጁን አስገድዶ ማዘፈን ትርፉ ጠብ ብቻ ነው። የሚሻለው በጋራ መጀመር ነው፤ ምት፣ የሥራ ዜማ፣ የሕፃን ማባበያ፣ መሣሪያ መሥራት ማንንም አያስቀይሙም። አዛንንና ቅዳሴን ግን ለክፍል ልምምድ ማውረድ ነውር ነው፤ ባለቤቶቹ ሙዚቃ አይሏቸውም፣ መምህሩም ሊላቸው አይገባም።

ትምህርት ቤት

ሙዚቃ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሥዕልና ከቲያትር ጋር ተዳብሎ ይሰጣል፤ ፈተና ሲደርስም ክፍለ ጊዜው ቀድሞ ለሌላ ትምህርት ይታደላል። መማሪያው በሰባቱ ድምፆች፣ ከዶ እስከ ሲ፣ ይጀምራል። የልጆቹ ጆሮ ግን አምስት ድምፅ የለመደ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉት ቅኝቶች ሁሉም አምስት አምስት ድምፅ አላቸው፤ ሙሉ ትዝታ ሲቆጠር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ፋና ሲ የሉበትም። ስለዚህ ልጆቹ ሁለቱ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይወላገዳል፤ መምህሩም “ጆሮ የላቸውም” ይላል። ጆሮስ አላቸው። በአምስቱ ጀምሮ ሁለቱን ቆይቶ መጨመር ይቀላል፤ መጽሐፉ ግን እንዲህ አልተደራጀም።

የሚለዋወጠው

በነሐሴ 13 ለቡሄ ወንዶች ልጆች፣ በመስከረም 1 ደግሞ ሴቶች ልጆች አሁንም በየቤቱ እየዞሩ ይጫወታሉ። ሠርግ ላይ የከበሮውን ቦታ ኪቦርድና ድምፅ ማጉያ ወስዷል። የካሴት ቤቶች ተዘግተው ዘፈን በፍላሽ ይጫን ነበር፣ አሁን ደግሞ ከስልክ ወደ ስልክ ይሄዳል፤ ባጃጅ የተሳፈረ ሰው በአንድ ጉዞ መንዙማም፣ አዲስ የኦሮምኛ ዘፈንም ሊሰማ ይችላል። እህል ወፍጮ ቤት ስለሚሄድ በከተማው ሁለት ሰው የሚወቅጥበት ሙቀጫ ብርቅ እየሆነ ነው። የሥራ ዜማዎቹን ቀድቶ ማስቀመጥ የሚሻ ሰው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ወደ ማና፣ ጎማ ወይም ሊሙ ወረዳዎች ቢወጣ ይሻለዋል። ሲቀዳም አውራጁን ብቻ ሳይሆን ተቀባዮቹንና የሥራውን ድምፅ ጭምር ይቅዳ፤ ብቻዋን የተቀዳች የአውራጅ ድምፅ ክፍል ውስጥ ስትከፈት ልጆቹ የት ላይ መቀበል እንዳለባቸው ይጠፋቸዋል።