ምጣዱ ለምን ይነዝራል? «ኧርዝ» ምንድን ነው?

ደሴ እናቴ ቤት ማድቤት ውስጥ፣ ከኤሌክትሪክ ምጣዱ ፊት አንዲት ጣውላ ትነጠፍ ነበር። እናቴ እንጀራ ስትጋግር እሷ ላይ ትቆማለች፤ ያውም ላስቲክ ጫማ አድርጋ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «ያለዚያማ ይነዝረኛል» አለችኝ። ሁለት ዓመት እንደዚያ ጋግራለች።

ምጣዱን የገጠመላትን ሰው ያኔውኑ ነግራው ነበር። «አብሽሩ እማማ፣ ትንሽ ነው፣ ምንም አይልም» ብሏት ሄደ። እሷም አመነችው። ጎረቤቶቿም ቢሆኑ እንደዚሁ ናቸው፤ አንዷ ጆንያ ታነጥፋለች፣ ሌላዋ የምንጣፍ ቁራጭ። ኮምቦልቻም ወልድያም ዘመድ ቤት ስገባ ያየሁት ይህንኑ ነው። መንዘር የምጣድ ጸባይ ተደርጎ ተወስዷል። ጸባዩ ግን አይደለም። የጎደለ ነገር ስላለ ነው፤ የጎደለው ኧርዝ ይባላል።

ኧርዝ ማለት መሬት ማለት ነው። ግራውንድ የሚሉትም አሉ። ምጣድ እንዲግል ሁለት ሽቦ ይበቃዋል፤ ኤሌክትሪኩ የሚመጣበት ፌዝ እና የሚመለስበት ኒውትራል። ሦስተኛው፣ ቢጫና አረንጓዴ መስመር ያለው ሽቦ፣ በደህና ቀን ምንም አይሠራም። ግዴለሽ ባለሙያ ቆርጦ የሚጥለውም ለዚህ ነው። ቢጣልም ምጣዱ ይሞቃል፣ የእንጀራው ዓይንም ያምራል። ጉድለቱ የሚታየው በክፉ ቀን ነው።

ክፉው ቀን እንዴት ይመጣል? ከሸክላው ሥር የተጠመዘዘ የማሞቂያ ሽቦ በቦይ በቦይ ተቀብሯል። ሸክላ ደረቅ ሲሆን ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ሲሰነጠቅና ሊጥ ሲገባበት ግን ይርሳል። ያኔ ኤሌክትሪኩ ከሽቦው እየሾለከ ዙሪያውን ወዳለው ቆርቆሮ ይደርሳል። ቆርቆሮው ላይ ሆኖ ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ ይጠብቃል። ኧርዝ ከሌለ መንገዱ ሰው ነው። እጇ በሊጥ የራሰ ሴት፣ በክረምት በረጠበ ወለል ላይ ቆማ አክንባሎውን ስታነሳ፣ መንገዱ እሷ ናት።

ብሬከሩ አይደርስላትም? አይደርስላትም። ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይፈልጋል። በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፒር ገደማ ነው። ብሬከሩ የሚወርደው ከዚህ በላይ ሲሆን ነው። በሰው አካል ውስጥ ግን 30 ሚሊአምፒር እንኳ ትንሽ ከቆየ ልብን ሊያውክ ይችላል። ይህ ምጣዱ ከሚስበው 500 ጊዜ ያንሳል። ብሬከር እንዲህ ያለውን ጥቂት ነገር አያየውም፤ የተሠራው ሽቦው እንዳይቃጠል ለመጠበቅ ነው። ጣውላዋም ብትሆን የምትጠቅመው ደረቅ እስከሆነች ድረስ ነው። ሊጥ ወይ ውሃ የፈሰሰባት ቀን ከወለሉ አትለይም።

ኧርዝ የሚሠራው ለኤሌክትሪኩ ከሰው የተሻለ መንገድ በመስጠት ነው። አንድ ሜትር ተኩል ገደማ የሆነ፣ መዳብ የተለበጠ ዘንግ ደጅ መሬት ውስጥ ይቀበራል። ከእሱ የሚነሳ ሽቦ ብሬከሮቹ ወዳሉበት ሳጥን ይገባል፤ ከዚያ በየሶኬቱ ይደርሳል። ሶኬታችሁን ብርሃን ላይ ሆናችሁ እዩት፤ ጣታችሁን ግን እንዳታስገቡ። ከሁለቱ ቀዳዳዎች ሌላ በጠርዙ ፊት ለፊት የተያዩ ሁለት የብረት ምላሶች አሉት? የኧርዝ ቦታው እነሱ ናቸው። ሁለት ቀዳዳ ብቻ ኖሮት ምላስ የሌለው ሶኬት ኧርዝ የለውም። ምላስ ስላለው ብቻ ግን አትተማመኑ፤ ከኋላው ምንም ሽቦ ያልታሰረበት ስንት አለ! የእናቴን ምጣድ ስፒና ስንፈታው ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ ከሥሩ ተቆርጦ በናስትሮ ተጠቅልሎ አገኘነው። ተደብቆ ነበር ማለት ነው። ሳየው እጄ ተንቀጠቀጠ። ያ ሰው ሽቦው ምን እንደሆነ ሳያውቅ አልጠቀለለውም።

ዘንግ ብቻውንም አይበቃም። መሬቱ ድንጋያማ ከሆነ ወይ በበጋ ከደረቀ ኤሌክትሪክ በደንብ አይቀበልም። ለምሳሌ የዘንጉ ተቃውሞ (ኤሌክትሪኩን የሚያግድበት መጠን) 20 ኦም ቢሆን በእሱ የሚወርደው 11 አምፒር ነው፤ 20 አምፒር ብሬከር በዚህ አይወርድም። ስለዚህ 30 ሚሊአምፒር የተጻፈበት ሌላ ዓይነት ብሬከር ይጨመራል፤ ባለሙያዎች አርሲሲቢ ይሉታል። በፌዝ የሄደውንና በኒውትራል የተመለሰውን ያነጻጽራል። ሄዶ ያልተመለሰ ካለ ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይቆርጣል። ፊቱ ላይ መሞከሪያ ቁልፍ አለው፤ ስትጫኑት ካልወረደ ተበላሽቷል። ቤት ውስጥ አንድ ነገር ብቻ መግዛት የምችል ብሆን ይህንን ነበር የምገዛው።

ሁለት አቋራጮች አሉ፤ ሁለቱንም እንቢ በሉ። አንደኛው ኒውትራሉን ከሶኬቱ የኧርዝ ምላስ ጋር ማሰር ነው። ኒውትራሉ አንድ ቀን የተበጠሰ እንደሆነ የምጣዱ ቆርቆሮ በሙሉ ፌዝ ይሆናል። ሁለተኛው ኧርዙን ከውሃ ቧንቧ ጋር ማገናኘት ነው። ቧንቧው መሬት ውስጥ ሲገባ ፕላስቲክ ከሆነ የትም አያደርስም፤ ቧንቧ የከፈተውን ሁሉ ይነዝራል እንጂ።

ባለሙያ ስትጠሩ «ምጣዱ ይነዝራል» ብቻ አትበሉት፤ ስፒናውን ቀይሮ ሊሄድ ይችላል። «ኧርዙ ከየት ይነሳል? አሳየኝ» በሉት። ወደ ደጅ ወጥቶ ዘንጉን ካላሳያችሁ የለም ማለት ነው። ለምጣድ ከብሬከሩ ሳጥን ለብቻው የሚመጣ ባለ 4 ካሬ (4 ካሬ ሚሊሜትር) ሽቦ ጠይቁ፤ ከመብራት መስመር ላይ የተቀጠለ ግሎ ሊቀልጥ ይችላል።

ዛሬ እየነዘራችሁ ያለ ምጣድ ካለ ቆርቆሮውን ሳትነኩ መጀመሪያ ብሬከሩን አውርዱ፤ ከዚያ ስፒናውን ንቀሉ። እስኪሠራ ድረስ በማገዶ ይጋገር። ሰው ከያዘም በእጃችሁ አትጎትቱት፤ ሩጡና ብሬከሩን አውርዱ።