«ወደ ቤት ውሰዷት» ማለት አበቃ ማለት አይደለም

እናቴን ያስታመምኳት ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ሥር ባለው ቤታችን ነው። የማህፀን በር ካንሰር ነበረባት። ሐኪሙ «ቤት ሆና የማስታገሻ ሕክምና ትከታተል» ያለን ቀን (ሕመምንና ጭንቀትን የሚያቀልል ሕክምና ማለት ነው)፣ ጆሮዬ የሰማው «ውሰዷትና ትሙት» የሚል ነበር። ባጃጅ ውስጥ እንዳታየኝ ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ አለቀስኩ። እማዬ ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ኖረች። በእነዚያ ወራት ከዘመድ፣ ከጎረቤት፣ ከራሴም አፍ የወጡትን የተሳሳቱ አባባሎች ላንሳ።

«የማስታገሻ ሕክምና የሚጀመረው ሌላው ሁሉ ሲያልቅ ነው»

አይደለም። ከባድ ሕመም እንደታወቀ፣ ከኬሞውም ከጨረሩም ጎን ለጎን ሊጀመር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ አንድ ጥናት ወጥቶ ነበር፤ የሳንባ ካንሰራቸው በተሰራጨ ሕሙማን ላይ የተሠራ ነው። ከመጀመሪያው የማስታገሻ ሕክምና ከታከለላቸው መካከል ግማሾቹ 11.6 ወር አልፈው ኖረዋል። ካልታከለላቸው ግማሾቹ የተሻገሩት 8.9 ወርን ነው። ድባቴም ያነሰው በመጀመሪያዎቹ ላይ ነበር። ይህን ብናውቅ ኖሮ ገና በመጀመሪያው ወር እንጠይቅ ነበር።

ለካንሰር ብቻም አይደለም። ልቡ ለደከመ፣ ኩላሊቱ ለተጎዳ፣ መተንፈስ ላቃተው፣ ለሕፃናትም ጭምር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት 56.8 ሚሊዮን ሰው ያስፈልገዋል ይላል። የሚያገኘው ከመቶ 14ቱ ብቻ ነው።

«ሞርፊን ሱስ ያስይዛል፤ ቶሎም ይገድላል»

እዚህ ላይ ቆየት ልበል። እማዬን በከንቱ ያሠቃያት ይህ አባባል ነውና። ለከባድ ሕመሟ የታዘዘላት የመጀመሪያው የሞርፊን ጠርሙስ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀመጠ። አጎቴ «እህቴን ሐሺሽ አታጠጧትም» ብሎ ከለከለ። እኔም ፈርቼ ዝም አልኩ። እሷ ጥርሷን ነክሳ፣ ትራሷን አቅፋ ታነጋለች።

ለሕመም ተብሎ፣ ሐኪም በለካው መጠን ሞርፊን የሚወስድ ሰው ሱሰኛ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። ሰውነት መድኃኒቱን ስለሚለምደው በአንዴ አይቋረጥም፤ ይህ ግን ሱስ አይደለም። ከትንሽ ተጀምሮ ቀስ እየተባለ ሲጨመርም ሞትን አያፋጥንም። ፈሳሹ ሞርፊን የሚሠራው ለአራት ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ ሕመሙ እስኪመለስ ሳይጠበቅ፣ ሰዓቱን ጠብቆ ይሰጣል። እኛ መጀመሪያ ላይ «አመመኝ» እስክትል እንጠብቅ ነበር። ይህም ስህተት ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍ ያበዛል፣ ያቅለሸልሻል፤ ብዙውን ጊዜ ያልፋል። የሆድ ድርቀቱ ግን አያልፍም። የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ካልታዘዘላችሁ ጠይቁ። የኩላሊት ችግር ካለም ለሐኪሙ ንገሩ። ታማሚው ሲቀሰቅሱት አልነቃ ካለ ወይም ትንፋሹ በጣም ከዘገየ፣ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል። ጠርሙሱ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ።

በአሥረኛው ቀን ሰጠናት። ከሁለት ቀን በኋላ እስኪነጋ ተኛች። አጎቴ ግን አልተኛም፤ እየተነሳ ትንፋሿን ያዳምጥ ነበር። ጠዋት ስትነቃ «ራበኝ» አለች።

«እንዳትደነግጥ አይነገራት»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን። እኛ ደግሞ በሽታውን ከራሷ ከታማሚዋ ደበቅን። «ኢንፌክሽን ነው» አልናት። አንድ ምሽት እግሯን ሳሻት፣ «ስለ ቤቱ ካርታ መቼ ነው የምንነጋገረው?» አለችኝ። ለካ ከጠረጠረች ቆይታለች። ብቻዋን ነበር የከረመችው። በግድ ሁሉን ዘርግፉ አልልም። ምን ያህል ማወቅ እንደምትፈልግ መጀመሪያ እሷን ጠይቁ። ሐኪሙም አብሯችሁ ቢቀመጥ ጥሩ ነው።

«ካልበላች በረሃብ ትሞታለች»

ከሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል በመጣ ዓሣ የተሠራ ሾርባ በማንኪያ እያስገደድኩ ሳጠጣት ትን ብሏት ያውቃል። በመጨረሻው ሰሞን ሰውነት ምግብ አይፈልግም፤ የሚያዳክማት በሽታው እንጂ የእኔ ንፉግነት አልነበረም። ያማራትን በትንሹ መስጠት፣ ከንፈሯን በንጹሕ ውኃ ማርጠብ ይበቃል።

«ጠበል ከጀመረች መድኃኒቱን ትተው»

አንዱን ለመያዝ ሌላውን መተው አያስፈልግም። በ1999 ዓ.ም. የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናግረዋል። እማዬም ጠበሏንም ሞርፊኗንም ወስዳለች።

«ሽታውን ችሎ ከመኖር ሌላ ምን ይደረጋል?»

ስለዚህ ጉዳይ የሚያወራ ሰው የለም፤ ያሳፍራላ። ካንሰሩ ሲቆስል ይሸታል። እማዬ ከሕመሙ ይልቅ እሱ አንገቷን አስደፋት። ጎረቤት ሲያንኳኳ «ተኝታለች በሏቸው» ትለናለች። ቡና መጥራት ቀረ። እኛ ዕጣን እያጨስን ዝም አልን።

አንዲት ነርስ ናት ያስተማረችን። ሽታውን የሚያመጡት ቁስሉ ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ናቸው። ለእነሱ መድኃኒት አለ፦ ሜትሮኒዳዞል፣ ብዙዎቻችን ፍላጂል የምንለው። እንደ ቁስሉ ሁኔታ የሚዋጥ ወይም ተፈጭቶ ቁስሉ ላይ የሚነሰነስ ይታዘዛል። አወሳሰዱን ባለሙያ ይወስን እንጂ ውድ ነገር አይደለም። ለእሷ የሚዋጠው ታዘዘላት።

በሳምንቱ ሽታው ቀነሰ። እማዬ በሩን ክፈቱት አለች። ቅዳሜ ከሰዓት ቄጠማ ጎዝጉዤ ረከቦቱን አልጋዋ አጠገብ አቀረብኩ። ጎረቤቶቿ መጡ። አቦሉንም፣ ቶናውንም፣ በረካውንም አብራቸው ጠጣች።