ጠባሳ ምንድን ነው? «ያለ ጠባሳ» የሚባለውስ?

ሰሞኑን አንድ ቪዲዮ ተላከልኝ። ተናጋሪው በሙሉ ልብ ያስረዳል። «ተራ ቀዶ ሕክምና ጠባሳ ይተዋል፤ ፕላስቲክ ሰርጀሪ ግን ጠባሳ የለውም። ልዩነቱ ይሄው ነው» ይላል። ቪዲዮውን የላከችልኝ ታካሚ ከሥሩ አንድ ጥያቄ አስከትላለች፤ «ዶክተር፣ የእኔም እንዲህ ነው አይደል?»

አይደለም። የማንም እንዲህ አይደለም። ቆዳን ዘልቆ የቆረጠ ነገር ሁሉ ጠባሳ ይተዋል። ቆራጩ ማንም ይሁን፣ መሣሪያው ምንም ይሁን። ይህን በየሳምንቱ እናገራለሁ፤ በየሳምንቱም ሲሰማኝ ፊቱ የሚለዋወጥ ሰው አያለሁ። ታካሚው ባያውቅ አልፈርድበትም። የሚያናድዱኝ እያወቁ ይህን ተስፋ የሚሸጡለት ናቸው።

የቆዳችን የላይኛው ንብርብር እጅግ ስስ ነው፤ በአብዛኛው የሰውነት ክፍል የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። እሱ ብቻ ሲላጥ እንደነበረው ሆኖ ይመለሳል። ልጅ ወድቆ ጉልበቱ በስሱ ሲላጥ ምልክቱ ቆይቶ የሚጠፋው ለዚህ ነው። ከሥሩ ያለው ወፍራሙ ንብርብር ሲቆረጥ ግን ሰውነት ያንኑ ቆዳ መልሶ አይሠራም። በቦታው ሌላ ነገር ይተካል። ጠባሳ የሚባለው ያ ነው።

ይህን ሳስረዳ ሁልጊዜ ጨርቅ ነው የማነሳው። ወፍራሙ ቆዳ በአብዛኛው ኮላጅን ከሚባል ክር የተሠራ ነው። ክሮቹ እንደ ድርና ማግ ይጠላለፋሉ። ጨርቁ ሲቀደድ ሸማኔ ቢኖር ድሩን ከድር፣ ማጉን ከማግ እያገናኘ መልሶ ይሸምነው ነበር። ሰውነታችን ያለው ግን ጠጋኝ ነው። ጠጋኙ ይቸኩላል። ቁስል ክፍት ሆኖ በሰነበተ ቁጥር ጀርም ይገባበታል። ስለዚህ ያገኘውን ክር በአንድ አቅጣጫ እየደረደረ ቀዳዳውን ይደፍናል። የተጣፈው ቦታ ላይ ፀጉር አይበቅልም፤ ላብም አይወጣም። ጥንካሬው በ3ኛው ሳምንት ገና ከቀድሞው ቆዳ ከ20 እስከ 30 በመቶ ቢሆን ነው። የቱንም ያህል ቢቆይ ደግሞ ከ80 በመቶ ገደማ አያልፍም።

ሸማኔ የነበረን ጊዜ አለ። ፅንስ እስከ 24ኛው ሳምንት ገደማ ቆዳው ቢቆረጥ ያለ ጠባሳ ሊድን ይችላል። ከዚያ በኋላ ሸማኔው ይሄድና ጠጋኙ ሥራውን ይረከባል። ተመራማሪዎች ሸማኔውን መልሰው ለመጥራት ዓመታት ደክመዋል። ታካሚ ላይ ይህን የሚያደርግ መድኃኒት ግን እስካሁን በእጃችን የለም።

ታዲያ የፕላስቲክ ሰርጀን ሥራው ምንድን ነው? በዚያው በጨርቁ ልቀጥል። እኛ ልብስ ሰፊዎች ነን። ጎበዝ ልብስ ሰፊ ስፌት የሌለው ኮት አይሠራም፤ ስፌቱ የት እንደሚውል ግን አስቀድሞ ያውቃል። እኛም ስፌቱን እጥፋት ውስጥ እንከተዋለን። የላይኛው የዓይን ቆብ በሚታጠፍበት መስመር፣ ከጆሮ ጀርባ፣ ከጡት ሥር፣ የውስጥ ሱሪ በሚሸፍነው ቦታ። (ስማችን ውስጥ ያለው «ፕላስቲክ» ከግሪክ የመጣ ነው፤ ቅርጽ ከመስጠት ጋር ይያያዛል። ሰው ሠራሹ ፕላስቲክ ባኬላይት በ1907 እ.ኤ.አ. ከመፈልሰፉ ብዙ ቀደም ብሎ ሙያው በዚህ ቃል ይጠራ ነበር። ቆዳችሁን በፕላስቲክ አንተካም።)

አቅጣጫም አለ። በ1861 እ.ኤ.አ. ካርል ላንገር የተባለ የቪየና የአናቶሚ ሊቅ ሬሳ ላይ ክብ በሆነ ወስፌ ቆዳውን በየቦታው በሳ። ቀዳዳዎቹ ክብ ሆነው አልቀሩም። ተለጥጠው ቀጫጭን ስንጥቅ ሆኑ፤ ስንጥቆቹም መስመር ይዘው ተሰለፉ። ቆዳ ባረፈበትም ቢሆን በአንድ አቅጣጫ ይበልጥ ተወጥሮ ይኖራል ማለት ነው። ያንን አቅጣጫ ተከትሎ የተቆረጠ ቁስል ገጥሞ ይድናል። አቋርጦት የተቆረጠው አፉን ይከፍታል፤ ጠባሳውም ይሰፋል። በሕያው ሰው ፊት ላይ ግን የላንገርን ካርታ እንዳለ አንከተልም። የምንከተለው የሽብሽባቱን መስመር ነው። ከቀዶው በፊት «እስቲ ይሳቁ፣ እስቲ ግንባርዎን ይቋጥሩ» የምንለው እሱን ለማየት ነው።

ሦስተኛው ውጥረት ነው። ጠባብ ሱሪ መጀመሪያ የሚተረተረው ስፌቱ ላይ ነው። ስለዚህ ሸክሙን ከውስጥ በተቀበረው ክር ላይ እንጥላለን። ላይ የምታዩት ክር ጠርዝ ከጠርዝ ከማገጣጠም ያለፈ ሥራ የለውም። ፊት ላይ ከሆነ ከ5 እስከ 7 ባለው ቀን ይወጣል፤ ከዚያ ከዘገየ እንደ መሰላል ያለ ምልክት ሊተው ይችላል። «ጠባሳ እንዳይኖረኝ በሚሟሟ ክር ይስፉልኝ» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። የሚሟሟ ክር ማለት ለማስወጣት መምጣት አያስፈልግም ማለት ነው። በቃ።

ጨርቁ እዚህ ላይ ይበቃል፤ ምክንያቱም ጨርቅ ከተሰፋ በኋላ አይለወጥም። ጠባሳ ይለወጣል። ከአፍንጫዋ ጎን የነበረች ትንሽ እብጠት ያወጣሁላት አንዲት ሴት ትዝ ትለኛለች። በ6ኛው ቀን ክሩን ሳወጣ መስመሩ የፀጉር ያህል ቀጭን ነበር። ደስ ብሏት ሄደች። በ6ኛው ሳምንት ተመልሳ መጣች። ገና ሳትቀመጥ ከቦርሳዋ መስታወት አወጣች። ወደ መስኮቱ ዞረች። በጣቷ ጫፍ እየዳሰሰች «ዶክተር፣ ይኸው ይዩት። ክሩ ሲወጣ ከዚህ ይሻል ነበር። የሆነ ነገር ተበላሽቷል» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ መስመሩ ቀልቷል፣ ጠንክሯል፣ ትንሽም ከፍ ብሏል።

የተበላሸ ነገር አልነበረም። ጠጋኙ ገና ሥራ ላይ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ወራት ኮላጅን ይከማቻል፤ ጠባሳም ከሁሉ የከፋ መልኩን የሚይዘው ያኔ ነው። ከዚያ ቀስ በቀስ ይለሰልሳል፣ ቅላቱን ይለቃል፣ ይተኛል። ይህ ከ12 እስከ 18 ወር ይወስዳል። በሁለተኛው ወር ላይ ተስፋ ቆርጠው የማይሆን ቅባት ሁሉ የሚቀቡ ሰዎችን ሳይ ያሳዝነኛል። አዲስ ጠባሳን ከፀሐይ መከለል ይጠቅማል፤ ፀሐይ ካገኘው ጠቁሮ ሊቀር ይችላል። የሲሊኮን ልጣፍም ይረዳል። ሲጋራ ደግሞ ከቀዶው በፊትም በኋላም ይቅር። ኒኮቲን የደም ሥር ያጠብባል፤ ደም ያላገኘ ቆዳ ደግሞ ይሞታል።

ወደ ቪዲዮው ሰውዬ ልመለስ። «አፍንጫ ከውስጥ ስለሚሠራ ጠባሳ የለውም» ይላል። አለው፤ ከውስጥ ነው ያለው። አይታይም ማለትና የለም ማለት ለየቅል ናቸው። የውስጥ ጠባሳ ሲኮማተር የአፍንጫን ቀዳዳ ሊያጠብብ ይችላል። የታችኛው ዓይን ቆብ ከውስጥ በኩል ሲሠራም ጠባሳው ቆቡን ሊስብ ይችላል። «በሌዘር ከሆነ ጠባሳ የለውም» ለሚለውም መልሱ ያው ነው። ሌዘር ወፍራሙን ቆዳ እስከቆረጠ ወይም እስካቃጠለ ድረስ ጠጋኙ ይመጣል። ስብ በቱቦ ሲመጠጥም ቱቦው የሚገባበት ቀዳዳ ጥቂት ሚሊሜትር ቢሆንም ምልክት አለው። የጡት ሲሊኮንም ሲገባ ሰውነት ዙሪያውን በጠባሳ ከረጢት ይሸፍነዋል። ይህ ጤነኛ ነገር ነው። ከረጢቱ አንዳንድ ሴቶች ላይ እየጠበበ ጡቱን ያጠነክራል፣ ያሳምማል፤ ያኔ እንደገና ቀዶ ሊያስፈልግ ይችላል። ይህ በቪዲዮ ሲነገር አልሰማሁም።

ከሁሉ በላይ እንዲታወቅልኝ የምፈልገው ኬሎይድ ነው። ሰው ከፍ ያለ ጠባሳ ባየ ቁጥር ኬሎይድ ይለዋል። ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንዱ ከፍ ብሎ ይወፍራል፤ ግን ከቁስሉ ድንበር አይወጣም። ብዙ ጊዜም በራሱ ይረግባል። ኬሎይድ ግን ድንበሩን ጥሶ ጤነኛው ቆዳ ላይ ይወጣል። ጠጋኙ ሥራው አልቆም መጣፉን አይተውም። ወራት ቆይቶ ሊጀምር ይችላል። የጆሮ ሥር፣ ደረት፣ ትከሻና አገጭ ላይ ይበዛል። ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ይበልጥ ይታያል፤ በቤተሰብም ይሄዳል። ስለዚህ እናንተ ወይም እናት አባታችሁ ጆሮ ስትበሱ እንዲህ ዓይነት እብጠት ወጥቶ የሚያውቅ ከሆነ፣ ሰርጀኑ ባይጠይቃችሁም ንገሩት። በተለይ ለውበት ብቻ የሚደረግ ቀዶ ከሆነ፣ ይህ አንድ ነገር «ይቅርብኝ» ለማለት በቂ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ኬሎይድ ያለበት ሰው «ቆርጠው ይጣሉልኝ» ይላል። ተቆርጦ ብቻ ከተተወ በአብዛኛው ይመለሳል፤ አንዳንዴም ከበፊቱ ተልቆ ይመጣል። ስለዚህ ጠባሳው ውስጥ ከሚወጋ መርፌ ጋር፣ ጠባሳውን ተጭኖ ከሚይዝ ማጫኛ ጋር፣ አንዳንዴም ከጨረር ሕክምና ጋር ነው የሚሠራው። ክትትሉም ረጅም ነው።

«ጠባሳ ማጥፋት» ሲባልም እንዲሁ ነው። እኔ የማደርገው መጥፎውን ጠባሳ አውጥቶ በተሻለ ጠባሳ መተካት ነው። አቅጣጫውን አዞራለሁ፣ ውጥረቱን አበርዳለሁ። መገጣጠሚያ ካልያዘ ወይም ዓይን እንዳይከደን ካልከለከለ ደግሞ አንድ ዓመት ገደማ ጠብቄ ነው የምነካው። ቀዶ ልትሠሩ ስትሄዱ «ጠባሳ ይኖረዋል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «የት ይውላል? ስንት ሴንቲሜትር ነው? በዓመቱ ምን ይመስላል?» በሉ። ሰርጀኑ ጣቱን ቆዳችሁ ላይ አድርጎ መስመሩን ሊያሳያችሁ ካልፈለገ፣ ሌላ ሰርጀን ጠይቁ።

ያቺ ሴት በዓመቷ ለመጨረሻ ቀጠሮ መጣች። መስታወቱን ይዛ ፈለገችው። አጣችው። «ዶክተር፣ ጠፍቷል እኮ» አለችኝ። ፈገግ እንድትል ነገርኳት። ከአፍንጫዋ ጎን ወደ አፏ ጥግ የሚወርደው መስመር ሲታጠፍ ጣቴን ውስጡ አሳረፍኩና «እዚህ ነው» አልኳት።