“ዕድሜ ነው” እየተባለ የሚታለፈው የሴቶች ህመም

ባለፈው ማርቆስ ቤት ቡና ተፈልቶ ቶናው ላይ ስንደርስ አክስቴ ድንገት ፊቷ ቀላና ላብ በላብ ሆነች፣ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ታራግብ ጀመር። ውጪ የጮቄ ብርድ ነው፣ እኛ ጋቢ ደርበን ነው የተቀመጥነው። “ምች ነው እታለም፣ ዳማከሴ ይታሽልሽ” አለች ጎረቤታችን። ሌላዋ ደሞ “ኧረ ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል” ብላ ስኒዋን አቀበለች። አክስቴ 49 አመቷ ነው፣ ምን እንደሚሰማት ግን አንዳቸውም አልጠየቋትም። እኔም ስለ ማረጥ፣ ማለትም በዕድሜ ወር አበባ ሲቆም ስለሚመጣው ነገር፣ ሰፈር ውስጥ ከምሰማው አባባል የተወሰነውን እያነሳሁ መልስ ልበል ብዬ ነው።

“ድንገት ሚያልብሽ ምች መቶሽ ነው”

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ብዙ ሴት ምታርጠው ከ45 እስከ 55 አመት ባለው ጊዜ ነው፣ እዛ ስትደርስ ኤስትሮጅን ሚባለው ሆርሞን አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ እያለ ይሄዳል፣ አንጎል ውስጥ ያለው የሰውነት ሙቀት መቆጣጠሪያ ደሞ በዚህ የተነሳ ይደነብርና ትንሿን ሙቀት እንደ ቃጠሎ ቆጥሮ ደሙን ወደ ቆዳ ይለቀዋል፣ ላብ ይመጣል፣ ከዛ ወዲያው ብርድ ብርድ ይላል። የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው ግን ሌሊት ሲመጣ አንሶላ ያርሳል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ጠዋት ደሞ “ምነው ነጭናጫ ሆነች” ትባላለች። እንዴ፣ ሳትተኛ አድራ! ትኩስ ነገር፣ በርበሬ የበዛበት ወጥ፣ አረቄ አንዳንዷ ላይ ይቀሰቅሱታል። (አክስቴን ቡና ተይ ማለት አይታሰብም፣ በረድ አርጋ መጠጣት ጀምራለች።) ላቡ ከትኩሳት፣ ከሳል ወይ ከመክሳት ጋ ከመጣ ግን ወባም ቲቢም ሊሆን ስለሚችል መመርመር ነው።

“ወር አበባዋ አልቆመም፣ ምን ማረጥ አመጣው”

ምልክቶቹ ወር አበባው ከመቆሙ ከአመታት በፊት ሊጀምሩ ይችላሉ፣ አንዱን ወር ይዘላል፣ በሚቀጥለው በ20 ቀኑ ከች ይላል። አረጠች ሚባለው 12 ወር ሙሉ ሳታይ ስትቀር ነው። እስከዛ ማርገዝ ይቻላል፣ ስለዚ “አበቃልኝ” ብሎ መከላከያ ለማቆም አትቸኩሉ።

“ድካም ነው፣ ዕድሜ ነው”

እኔን ሚያናድደኝ ይሄ ነው። እናቴ ሁለት አመት ሙሉ ደከመኝ አለች፣ ፀጉሯ ይረግፋል፣ ሳትበላ ትወፍራለች፣ ሰው ሲሞቀው እሷ ይበርዳታል፣ ሆድ ድርቀት አለ፣ የሄደችበት ክሊኒክ “ማረጥ ነው እማማ” ብሎ ቫይታሚን ሰጥቶ መለሳት። በኋላ አንድ ሌላ ሀኪም አንገቷን ዳሰስ አርጎ የደም ምርመራ አዘዘላት፣ ታይሮይድዋ (አንገት ላይ ያለው ሆርሞን አመንጪ እጢ) ደክሞ ኖሯል። እንቅርት እኮ ለጎጃም ሰው አዲስ ነገር አይደለም፣ ግን እንቅርት ባይታይም ታይሮይድ ሊደክም ይችላል። ከመጠን በላይ ሲሰራ ደሞ ላብና ፈጣን የልብ ምት ስለሚያመጣ ከማረጥ ጋ ይምታታል።

ሌላው ደም ማነስ ነው። በ40ዎቹ ውስጥ ወር አበባ እየበዛ ሚፈሳት ሴት ብዙ ናት፣ አንዳንዴ ከስሩ የማህፀን እጢ አለ። በዛ ላይ ፆም፣ ደሞ ምግብ እንደተነሳ ቡና፣ ቡናና ሻይ ደሞ ከምግቡ ሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ያረጋሉ። ስለዚ ሄሞግሎቢን፣ ታይሮይድ፣ ስኳር፣ ግፊት፣ አራቱ ሳይታዩ “ዕድሜ ነው” ሚላችሁን አትመኑ።

“ካቆመች በኋላ ደም ታየ፣ ልጅነት ተመለሰ”

ይሄ ቀልድ ይቅር። አመት ሞልቶት ከቆመ በኋላ አንዲት ጠብታም ብትሆን ሀኪም ይያት። ብዙ ጊዜ ቀላል ነገር ነው፣ ግን የማህፀን ወይም የማህፀን በር ካንሰር የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ይችላል። ሳያም ስለሚመጣ ነው ሚያዘናጋው። የማህፀን በር ምርመራ ደሞ ምልክት አይጠብቅም፣ እኛ ሀገር ከ30 እስከ 49 አመት ላሉ ሴቶች ይሰራል፣ ኮምጣጤ መሰል ነገር ቀብተው ነው ሚያዩት፣ ደቂቃዎች ነው ሚፈጀው።

“ባሏን ጠልታው ነው”

ሆርሞኑ ሲቀንስ ብልት ይደርቃል፣ ይሳሳል፣ ግንኙነት ያማል፣ ሽንት ያቃጥላል። በሀፍረት ለእህቷ እንኳ አትናገርም፣ ባልየው ደሞ አኮረፈች ይላል። ማለስለሻ አለ፣ እዛው ሚቀባ ኤስትሮጅንም አለ።

“ሆርሞን መውሰድ ካንሰር መግዛት ነው”

ፍርሃቱ በ2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ከወጣ ትልቅ ጥናት ነው የሰፋው፣ ግን እዛ የነበሩት ሴቶች አማካይ ዕድሜ 63 አካባቢ ነበር። ከ60 በታች ሆና ወይም ካረጠች 10 አመት ሳይሞላት ወበቁ ላስቸገራት ሴት ጥቅሙ አብዛኛውን ጊዜ ያመዝናል። የጡት ካንሰር፣ ስትሮክ ወይ የደም መርጋት የነበረባት ግን በአብዛኛው አይሰጣትም፣ ማህፀን ያላት ደሞ እዛው ከሚቀባው በቀር ኤስትሮጅን ብቻውን አትወስድም፣ ፕሮጄስትሮን ይጨመርላታል። አክስቴ ለጊዜው አልፈለገችም። ደሟን ተመርምራ ደም ማነስ ተገኘባት፣ የብረት ኪኒን ጀምራለች፣ ሌሊት ደሞ ከአንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ይልቅ ሁለት ሳሳ ያሉ ጋቢዎች ደርባ ነው ምትተኛው፣ ሲሞቃት አንዱን ትገፈዋለች።