ሺንሪን-ዮኩ ምንድን ነው? «ደን መሞቅ» ብንለውስ?

እኛ ፀሐይ እንሞቃለን። እሳትም እንሞቃለን። ጃፓኖች ግን በፀሐይ «ይታጠባሉ»። ለፀሐይም፣ ለባሕርም፣ ለደንም የሚጠቀሙት ቃል አንድ ነው፦ ዮኩ። መታጠብ፣ ገላን መንከር ማለት ነው። ፀሐይ መሞቅ ኒኮ-ዮኩ ይባላል። ባሕር ገብቶ መንቦራጨቅ ደግሞ ካይሱይ-ዮኩ። ደን ገብቶ መቆየት ሲሆን ሺንሪን-ዮኩ ይባላል። ሺንሪን ደን ነው።

ቃል በቃል ከወሰድነው «የደን ገላ መታጠብ» ይመጣል። ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ሳሙናው የት እንዳለ ነው። ስለዚህ እኔ «ደን መሞቅ» ብለው ይሻለኛል። ፀሐይ የሚሞቅ ሰው ምንም አይሠራም። በሩ ላይ ቁጭ ይላል፣ ሙቀቱ ራሱ ይመጣለታል። የሺንሪን-ዮኩም ነገር ይኸው ነው።

ባጭሩ፣ ሰዎች ሰብሰብ ብለው፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ መሪ ጋር፣ ደን ውስጥ ሁለት ሦስት ሰዓት በጣም በዝግታ የሚቆዩበት ሥርዓት ነው። የተጨናነቀ ጭንቅላት እንዲያርፍ፣ የተከፋ ሆድ እንዲረጋ ነው የሚደረገው። ስፖርት አይደለም። ሃይኪንግም አይደለም። ሃይኪንግ የሄደ ሰው ተራራው ጫፍ ላይ ደርሶ ፎቶ ይነሳል፣ ሲወርድ ጥሬ ሥጋ ይበላል፣ አውቶቡስ ውስጥ ይጨፍራል። (ይህን ስል በሃይኪንግ እየቀለድኩ አይደለም፣ እኔም ከጨፋሪዎቹ አንዷ ነኝ።) ደን የሚሞቅ ሰው ግን በሦስት ሰዓት አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል እንኳ ላይሄድ ይችላል። የሚደረስበት ቦታም የለም።

ብዙ ሰው ነገሩ ጥንታዊ ይመስለዋል። የሆነ የጃፓን መነኩሴ ከሺህ ዓመት በፊት የጀመረው ዓይነት። አይደለም። ቃሉን ያወጣው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የጃፓን የደን ኤጀንሲ ኃላፊ የነበሩት ቶሞሂዴ አኪያማ ናቸው «ሺንሪን-ዮኩ» ያሉት። ዘመኑ ጃፓኖች በሥራ ብዛት የሚሞቱበት፣ ለዚህም ሞት «ካሮሺ» የሚል ስም ማውጣት የጀመሩበት ነበር። የአገሪቱ ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው መሬት ደን ነው። ሕዝቡ ግን ከተማ ውስጥ ታጭቋል። ከውጭ የሚገባው ርካሽ እንጨት ደግሞ የአገር ውስጡን ገበያ ወስዶበታል። ደኑ አለ፣ የሚፈልገው የለም። ኤጀንሲው አንድ ቃል አውጥቶ ሁለቱን ሊያገናኝ ሞከረ። እንዲህ በመሆኑ አላፍርበትም። ቢሮክራሲ ከሚያወጣቸው ቃላት ውስጥ ሰው የሚወደው ስንት ነው?

የመጀመሪያው ዝግጅት የተደረገው በዚያው ዓመት ናጋኖ ግዛት ውስጥ፣ አካሳዋ በተባለ ደን ነው። ይህ ደን ታሪክ አለው። ዛፎቹ ሂኖኪ ይባላሉ፣ ዕድሜያቸው 300 ዓመት ገደማ ነው። ሂኖኪ የእኛ ጥድ የሥጋ ዘመድ ነው፤ የሐበሻ ጥድም፣ የፈረንጅ ጥድም፣ ሂኖኪም አንድ ቤተሰብ ናቸው። ታላቁ የኢሴ ቤተ መቅደስ በየ20 ዓመቱ ፈርሶ እንደገና ሲሠራ እንጨቱ የሚመጣው ከዚህ አካባቢ ካለው ሂኖኪ ነው። በጥንቱ የመሳፍንት ዘመን ያለፈቃድ ለቆረጠ ሰው ቅጣቱ «አንድ ዛፍ፣ አንድ ራስ» ነበር። ዛፍ የቆረጠ አንገቱ ይቆረጣል። ዛሬ ሰው ሊረጋጋ የሚሄድበት ጥላ የቆየው በፍርሃት ተጠብቆ ነው። ድሮ ግንድ ያመላልስ የነበረው ትንሽ ባቡርም አሁን ጎብኚ ይዞ ይዞራል።

አሁን ወደ ሥርዓቱ ልግባ። በመሪ የሚደረገው ጉዞ ዛሬ ብዙ አገር የያዘውን መልክ ያገኘው ጃፓን ውስጥ ብቻ አይደለም። አሞስ ክሊፎርድ የሚባል አሜሪካዊ በ2012 ካሊፎርኒያ ውስጥ የደን ቴራፒ መሪዎችን የሚያሠለጥን ማኅበር አቋቋመ። ቅደም ተከተሉን በብዛት ያስለመደው ይህ ማኅበር ነው።

መጀመሪያ ሰዎቹ ክብ ሠርተው ይቆማሉ። ስልክ ይጠፋል። መሪው ዓይናችሁን ጨፍኑ ይላል። ከዚያ አንድ በአንድ ይጠይቃል፦ ምን ይሰማችኋል? ነፋሱ የትኛውን ጉንጫችሁን ነካ? ከእግራችሁ ሥር ያለው መሬት ጠንካራ ነው ወይስ ይሰምጣል? ምን ይሸታል? ይህ ብቻ ሩብ ሰዓት ይወስዳል። ዓይን ሲገለጥ አረንጓዴው ትንሽ የበረታ ይመስላል።

ቀጥሎ መራመድ ነው፣ ግን እንደ ሙሽራ። የሚሰጠው ሥራ አንድ ነው፦ የሚንቀሳቀስ ነገር ፈልጉ። ቅጠል፣ ጉንዳን፣ የሸረሪት ድር፣ ጥላ። ከዚያ ሌላ «ግብዣ» ይመጣል። ትእዛዝ አይሉትም፣ ግብዣ ነው የሚሉት፤ ያልፈለገ አያደርገውም። አንዱን ዛፍ መርጣችሁ አጠገቡ ቆዩ ሊባል ይችላል። ወይም ድንጋይ አንሱና የከበዳችሁን ነገር በልባችሁ ንገሩት፣ ከዚያ ወንዙ ውስጥ ጣሉት ይባላል። መጀመሪያ ላይ ሰው ያፍራል። ይሳሳቃል። ሁለተኛው ላይ ሳቁ ይቀንሳል።

ከእያንዳንዱ ግብዣ በኋላ ሰዎቹ ወደ ክቡ ይመለሳሉ። አንድ እንጨት ወይም የዛፍ ፍሬ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የያዘው ሰው ያየውን ወይም የተሰማውን ይናገራል። መናገር ካልፈለገ ዝም ብሎ ያሳልፋል። ሌላው ይሰማል፤ መልስ የለም፣ ምክር የለም፣ ማጽናኛም የለም። ዕቃ እያዞሩ በተራ መናገር ከአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች የመጣ ልማድ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ለእኛ ከባዱ ይሄ ይመስለኛል። እኛ ሰው ሲከፋው ዝም ማለት አንችልበትም። «አይዞሽ» እንላለን። «እግዚአብሔር ያውቃል» እንላለን። ለቅሶ ቤት አንዷ ድምፅ ከፍ ስታደርግ ከየጎኗ «በቃ፣ በቃ» ይጀመራል። በፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ግን አንዳንዴ አይዞሽ ማለት «አሁን ዝም በይ» ማለትም ነው። ክቡ ውስጥ አንድ ሴት «ይሄ የተሰበረ ቅርንጫፍ እናቴን አስታወሰኝ» ብትል፣ ማንም አይዞሽ አይላትም። እንጨቱ ወደሚቀጥለው ሰው ያልፋል። ነገሩ ጭካኔ ይመስላል። ግን የተናገረችው ነገር ሳይነካ፣ ሳይታረም፣ እዚያው አየር ላይ ይቆያል። ዓይኗም የሚያርፍበት አያጣም፤ ፊት ለፊቷ የሚያያት ሰው ብቻ ሳይሆን ዛፍም አለ። ቢሮ ውስጥ ክብ ሠርቶ ቢቀመጥ ይህ አይገኝም።

ወደ መጨረሻው እያንዳንዱ ሰው ለብቻው 20 ደቂቃ ቁጭ ይላል። ከዚያ ሻይ አለ። መሪው ከዚያው ደን ከታወቀ ቅጠል ያፈላዋል። የመጀመሪያው ስኒ ለሰው አይሰጥም፤ ለመሬቱ ይፈሳል። ቡና ሲፈላ ፈንዲሻ መሬት ላይ በተን የሚያደርጉ እናቶችን ያየ ሰው ይህ አይገርመውም።

ይሠራል ወይ? ጃፓኖች ይህን ጥያቄ ከዘፈን አውጥተው ላቦራቶሪ አስገብተውታል። በ1990 ዮሺፉሚ ሚያዛኪ የሚባሉት ተመራማሪ ያኩሺማ በተባለችው በደን የተሸፈነች ደሴት የመጀመሪያውን ሙከራ አደረጉ። ኮርቲሶል የሚባለውን የጭንቀት ሆርሞን ነው የለኩት። በኋላ ሥራው ሰፋ። በ24 ደኖች፣ በእያንዳንዱ 12 ወጣት ወንድ ተማሪዎች ተወስደው፣ ግማሹ ደን ግማሹ ከተማ ሄደ፤ በማግስቱ ተቀያየሩ። ደን ውስጥ የልብ ምትም፣ የደም ግፊትም፣ ኮርቲሶልም ዝቅ ብሎ ተገኘ። የእግር ጉዞው ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ነበር።

የበለጠ ዝና ያገኘው ግን የዶክተር ቺንግ ሊ ሥራ ነው። በ2005 ናጋኖ ውስጥ ኢያማ ወደተባለ ቦታ 12 የቶኪዮ ሠራተኞችን ለሦስት ቀን ይዘው ሄዱ። ናቹራል ኪለር የሚባሉት፣ በቫይረስ የተያዙና የካንሰር ሕዋሶችን የሚያጠቁ የነጭ ደም ሕዋሶቻቸው እንቅስቃሴ ከ12ቱ በ11ዱ ላይ ጨመረ። ዶክተሩ ምክንያቱን ሽታው ውስጥ ፈለጉት። ዛፍ ከነፍሳትና ከሻጋታ ራሱን ለመጠበቅ የሚለቀው ሽታ አለ፤ ፋይቶንሳይድ ይባላል። ቃሉን ያወጣው ቦሪስ ቶኪን የሚባል የሶቪየት ሳይንቲስት ነው። ሊ በኋላ ሰዎችን ከተማ ሆቴል ውስጥ አስተኝተው ሌሊቱን የሂኖኪ ዘይት ክፍሉ ውስጥ እንዲተን አደረጉ። እንዲያም ሆኖ ለውጥ ታየ።

ለእኛ ይህ አዲስ አይደለም። ጉንፋን ሲይዘን ባሕር ዛፍ አፍልተን፣ ጋቢ ተከናንበን የምንታጠነው ያንኑ የቅጠል ዘይት ነው። እንጦጦ ስንወጣ አፍንጫችንን የሚከፍተውም እሱ ነው።

ግን ቀስ እንበል። ናቹራል ኪለር ጨመረ ማለት ካንሰር ይድናል ማለት አይደለም። አንዳንድ ሰው ኢንተርኔት ላይ እንዲያ ሲል አያለሁ፣ ያናድደኛል። የዶክተር ሊ ጥናቶች ትንንሽ ናቸው፣ 12 ሰው፣ 13 ሰው። ተሳታፊው ደን ውስጥ መሆኑን ያውቃል፣ ሊደበቅበት አይችልም። ከቢሮው ሦስት ቀን እረፍት ያገኘ ሰው ደስ ቢለው ምን ይገርማል? (ለዚህ ሲባል ሰዎችን ለጉብኝት ወደ ከተማም ወስደዋቸዋል፣ እዚያ ለውጡ አልታየም። ይህ ለጥናቱ ጥሩ ነጥብ ነው።) እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እነዚህ ጥናቶች የለኩት ዛፉን ነው። ክቡን አልለኩትም። በእኔ እምነት ለተከፋ ሰው ከፋይቶንሳይዱ እኩል የሚሠራው ያ ዝም ብሎ የሚሰማ ክብ ነው።

ከባድ ድብርት ያለበት፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ሰው ደግሞ ሐኪም ያስፈልገዋል። ደኑ ከሕክምናው ጎን ይሆናል እንጂ አይተካውም። ደቡብ ኮሪያ ነገሩን የያዘችው እንዲህ ነው። የፈውስ ደን ብላ ከ2009 ጀምሮ ከፈተች፣ በ2015 ሕግ አወጣችለት፣ መሪዎቹም በመንግሥት የምስክር ወረቀት ነው የሚሠሩት። ጃፓንም ውስጥ ዕውቅና የተሰጣቸው የደን ቴራፒ ቦታዎች ከ60 በላይ ሆነዋል።

እኛ ጋ ስሙ የለም እንጂ ቦታው አለ። በሰሜኑ ደጋ እርሻው መሐል እንደ አረንጓዴ ደሴት የሚታዩት የቤተ ክርስቲያን ደኖች በሺዎች ይቆጠራሉ። ጥዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው፣ ኮሶው የቀረው እዚያ ነው። ሆድ የባሰው ሰው ደጀ ሰላም ሄዶ ዛፍ ሥር የሚቀመጠው ዛሬ አይደለም የጀመረው። ጠበልም የሚሄደው ብቻውን አይደለም። ግን አንድ ናቸው አልልም። ጠበል እምነት ነው፣ ሰው የሚሄደው ለእግዚአብሔር ብሎ ነው። ሺንሪን-ዮኩ ምንም እንድታምኑ አይጠይቅም። ለአንዱ ይህ ጥቅሙ ነው፣ ለሌላው ጉድለቱ።

እኔ አንድ ቅዳሜ እንጦጦ ላይ 20 ደቂቃዋን ብቻ ሞከርኩ። የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ያሳለፍኩት ስለ ቤት ኪራይ እያሰብኩ ነው። ከዚያ አንዲት ወፍ አጠገቤ መሬት ስትጭር ማየት ጀመርኩ። ቀልቤ ሰብሰብ እያለ ሳለ አንድ ጥበቃ መጣና «እህቴ፣ የጠፋብሽ ነገር አለ እንዴ?» አለኝ። ዛፍ ሥር ብቻዋን ዝም ብላ የተቀመጠች ሴት እዚህ አገር የጠፋባት ነገር መኖር አለበት።

ለዚህም ነው በቡድን ሂዱ የምለው። አራት አምስት ሰው ይበቃል። ከተማ ዳር ያለ ጫካ ብቻን አይገባም፤ ስለ ሌባም፣ ሲመሽ ስለ ጅብም ብላችሁ ጠዋት ውጡ። ስፒከር የሚያመጣ ጓደኛችሁን ለሌላ ቀን አቆዩት። የማታውቁትን ቅጠል አታፍሉ፣ ጦስኝ ከቤት ያዙ። መሪ ባይኖራችሁ አንዳችሁ ሰዓት ይያዝ። እንጨቱን እያዞራችሁ ስታወሩ ደግሞ «አይዞሽ» ያለ ሰው ሻዩን ይቀዳል ብላችሁ ተስማሙ። ከእኔ ጓደኞች ጋር ከሆነ ሁላችንም እየተነሳን መቅዳታችን ነው።